በጸሎት መሀል «ስካርንም?» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ዲሽ ሠሪው (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ካላችሁ ይዛችሁ አንብቡኝ።

ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። በጋውን የሰው ጣሪያ ላይ ነኝ። ክረምት ሲገባ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ በደሴ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የሚወጣ ጤነኛ ሰው የለም። ስለዚህ ነሐሴን ከልጆቼ ጋር ቤት ነኝ። ሁለት ናቸው። ወንዱ አሥር ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ሰባት። ፍልሰታ ስለሆነ ከእናታቸው ጋር ያስቀድሳሉ። ከቅዳሴ መልስ ሽሯቸውን ይበሉና ቴሌቪዥኑ ፊት ይሰፍራሉ።

በሥራዬ ምክንያት ሰው ለልጁ ምን እንደሚከፍት ምን እንደሚዘጋ አያለሁ። «ይሄን ቻናል ቆልፍልኝ» የሚለኝ ደንበኛ ሞልቷል። ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያይ ያገኘሁት አባት ግን በጣት የሚቆጠር ነው። እኔም ከነሱ አልሻልም ነበር። ዘንድሮ ግን አሰብኩበት። ፊልሙን እኔ መርጬ ፍላሽ ላይ አስጭኜ፣ አብረን አይተን፣ ትምህርቱን እንነጋገርበታለን አልኩ። ክርስቲያን ቤተሰብ እንዲህ ነው መሆን ያለበት ብዬ።

መጀመሪያ ላይ አበላሸሁት። ሪሞቱን ይዤ በየአምስት ደቂቃው አቆማለሁ። «እሺ፣ እዚህ ላይ ምን ተማራችሁ?» ትልቁ «አባዬ፣ ይሄ ፈተና ነው?» አለኝ። ትንሿ ደግሞ ዘዴ አገኘች። ምንም ብጠይቃት መልሷ «እናትና አባትን ማክበር» ነው። አሻንጉሊቶች ስለሚጣሉበት ፊልም እናትና አባትን ማክበር። ስለ ዓሣም እናትና አባትን ማክበር። ሪሞቱን ቶሎ እንድለቅላት ነው ለካ።

ባለፈው ሳምንት የድሮውን፣ በእጅ የተሳለውን «ላየን ኪንግ» አስጫንኩ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 የወጣውን። ላላየው ሰው፦ ሲምባ የሚባል የአንበሳ ደቦል አለ። አባቱ ሙፋሳ ንጉሥ ነው። አጎትየው ዙፋኑን ፈልጎ ወንድሙን ገደል ይጥለዋል። ከዚያ ዞሮ ልጁን «በአንተ ምክንያት ነው የሞተው» ብሎ ያባርረዋል። ልጁ አምኖት ይጠፋል። ከሁለት ሥራ ፈት ጓደኞች ጋር ትል እየበላ አድጎ ይመለሳል።

የአጎትየው ስም ስካር ነው። በእንግሊዝኛ ጠባሳ ማለት ነው፤ ዓይኑ ላይ ጠባሳ አለው። ትንሿ ግን ገና ስሙን ስትሰማ «ጠጥቶ ነው እንዴ እንዲህ የሚሆነው?» አለች። አስረዳኋት። አልተዋጠላትም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየችው የአንድ ሰካራም አጎት ታሪክ አድርጋ ነው።

መጨረሻው አካባቢ ሲምባ አጎቱን ገደል አፋፍ ላይ ያፋጥጠዋል። ዙሪያው እሳት ነው። ትልቁ ተነስቶ ቆሟል። ትንሿ የጋቢዬን ጫፍ ነክሳለች። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ።

ጩኸታቸው ጦሳ ተራራ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሻማ ለኮስንና ቁጭ አልን። እኔ አንድ ቃል ሳልጠይቅ ክርክር ተጀመረ። ትልቁ «ይገድለዋል፤ አባቱን ገድሎበታል» ይላል። እሷ «አጎቱ ነው እኮ» ትላለች። «አጎቱ ቢሆንስ?» «ታዲያ ለለቅሶ ማን ይመጣል?» ሻማው ግማሽ እስኪሆን ቀጠሉ። ሪሞት ይዤ ሳምንት ሙሉ ስለምን የነበርኩትን ነገር ጨለማው በነፃ ሰጠኝ።

ከመኝታ በፊት አባታችን ሆይ እናደርሳለን። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ላይ ስንደርስ ትንሿ እጄን ጎተተችኝ።

«ስካርንም?»

እናቴ ጥግ ላይ መቁጠሪያዋን ይዛ ነበር። «ምን አለች? ስካር? ማነው ለዚች ልጅ ስካር ያስተማራት?» ብላ ብድግ አለች። ባለቤቴ ሳቋን መያዝ አቃታት። ጸሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን መልስ አልሰጠኋትም። «ተኚ» ነው ያልኳት።

በማግስቱ ጨረስነው። ሲምባ አይገድለውም። «ሂድ፣ እንዳትመለስ» ይለዋል። ስካር ግን የጋለ ፍም ፊቱ ላይ ይበትንበትና ይናነቀዋል። ተያይዘው ሲታገሉ ስካር ይወድቃል። ታች የሚጠብቁት የገዛ ጅቦቹ ናቸው። ጥፋቱን በነሱ ሲያላክክ ሰምተውታል። ትልቁ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። ትንሿ ዝም ብላ ቆየችና «ከልቡ ይቅርታ ቢጠይቅስ ኖሮ?» አለች።

ይኸው ስድስት ቀኔ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር? ደግሞስ እንዲህ ያለውን ነገር ከልጆቻችሁ ጋር የምታወሩት እንዴት ነው? ሪሞቱን መልሼ እንዳላነሳ ንገሩኝ።

ሰንበት ተማሪ ቤት አስተምራለሁ (ኮምቦልቻ)

ወንድምዓለም፣ መብራቱ መጥፋቱ ነው ያዳነህ።

እኔም ልጆች ሳስተምር «ምን ተማራችሁ?» እያልኩ ዓመታት አቃጥያለሁ። ያንተዋ «እናትና አባትን ማክበር» ትላለች፤ የኔዎቹ «መታዘዝ» ነበር የሚሉት። አሁን ጥያቄዬን ቀይሬዋለሁ። «ማን አሳዘናችሁ?» ነው የምላቸው። ያውም በማግስቱ፣ እጃቸው ሥራ ሲይዝ። ምስር እየለቀሙ ወይም በርበሬ እየቀነጠሱ። ልጅ ዓይኑን ስታፈጥበት አያወራም። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል።

አንዴ የዓሣውን ፊልም፣ ኒሞን አሳየኋቸው። አባትየው ዓሣ ሚስቱንና እንቁላሎቹን ሁሉ በትልቅ ዓሣ ተበልቶበት አንድ ልጅ ብቻ ተርፎለታል። አንዱ ክንፉ አነስ ያለ ልጅ። ጠላቂ ሰው ይዞበት ሲሄድ ባሕር አቋርጦ ይፈልገዋል። እኔ ደስ ብሎኝ «አያችሁ፣ ሉቃስ 15! የጠፋው በግ!» አልኩ። አንድ ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው ልጅ ምስሩን እያገላበጠ ምን አለኝ? «ታዲያ እዚያው ሉቃስ 15 ላይ የጠፋው ልጅ አባት ለምን አልፈለገውም? ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የጠበቀው።»

ክው አልኩ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ምዕራፍ ነው! ጥያቄውን ወደ አንድ የቤተ ክርስቲያን አባት ይዤ ሄድኩ። ሳቁና «በጉ መንገድ ስቶ ነው የጠፋው። ልጁ ግን ድርሻውን ተቀብሎ፣ ወዶ ነው የሄደው። የሳተን ይፈልጉታል፣ ወዶ የሄደን ይጠብቁታል። ቢሆንም ገና ሩቅ ሳለ ያየው አባቱ ነው፤ መንገድ መንገዱን ሲያይ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። ለልጁ ነገርኩት። «እሺ» ብሎ ምስሩን ቀጠለ። ፊልሙ ባይኖር ይሄ ጥያቄ አይመጣም ነበር።

ወዳንተ ስመለስ፣ ለትንሿ ዮሴፍን ንገራት። የሸጡት ወንድሞቹ እህል ፍለጋ ፊቱ ሲቆሙ ያኔውኑ አልተጠመጠመባቸውም። ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስከተተ። ያኔ «ዮሴፍ ይሸጥ» ያለው ይሁዳ አሁን «በልጁ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ሲቆም ነው ዮሴፍ ፊታቸው ያለቀሰው። ይቅር ማለትና የቤት ቁልፍ መስጠት ለየቅል ናቸው። ሲምባ «ሂድ» ማለቱ በኔ ዓይን ሙሉ ይቅርታ አይደለም፤ በቀልም ግን አይደለም። ሁለተኛ ክፍልም አለው፣ በ1998 የወጣ። የስካርን ወገኖች ምን እናድርጋቸው የሚለው ጣጣ እዚያ ላይ ይመጣል። አስጭንላቸው።

ባለ ፍላሽ (ወልድያ)

አማርኛ ትርጉም ያለው ነው ያስጫንከው ወይስ እንግሊዝኛው?

ዲሽ ሠሪው (ደሴ)

እንግሊዝኛው ነው። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ግማሹን ከራሴ እጨምርበታለሁ፤ እስካሁን አልነቁብኝም።

የሐይቅ ዳር አዛውንት

ስማ ልጄ። እኔ ካርቱን አልወድም፤ መጀመሪያ ይሄን እወቅ። የልጅ ልጄ አሳይቶኝ ግን ይሄን ያንተን አንበሳ አይቼዋለሁ።

ሁለት ነገር አልወደድኩለትም። አንደኛ፣ የሞተው አባት በደመና ላይ ተገልጦ ልጁን ያናግረዋል። የልጅ ልጄ በማግስቱ ደጅ ወጥቶ ደመና ደመናውን ያያል። ምን ትፈልጋለህ ስለው፣ አምና የቀበርናትን አያቱን። ሆዴ ተንቦጨቦጨ። ለሞተ ሰው እንጸልያለን፣ ተዝካር እናወጣለን፣ እንዘክራለን እንጂ ከደመና አንጠራም ብዬ አስረዳሁት። ገብቶታል ብዬ አስባለሁ። አንተም ልጆችህን ጠይቅ፣ ይሄን እንዳታልፈው።

ሁለተኛ፣ ያ «ሃኩና ማታታ» የሚሉት ዘፈን። በስዋሂሊ ችግር የለም ማለት ነው አሉ። በጎቹን አስገባ ስለው «ሃኩና ማታታ» ይለኛል! በጎቹ ውጭ፣ ጅቡ በር ላይ፣ እሱ ችግር የለም። ፊልሙ ራሱ ኋላ ላይ ያን ኑሮ ትቶ ወደ ኃላፊነቱ እንደሚመልሰው አይቻለሁ። ልጅ ግን ዘፈኑን ነው የሚይዘው።

እኛ የሐይቅ እስጢፋኖስን ደወል እየሰማን፣ ማታ እሳት ዳር ተረት እየሰማን ነው ያደግን። አያ ጅቦ ይሞኛል፣ ጦጢት ታታልላለች። እንዲያውም አታላይዋ ነበረች የምታሸንፈው። አያቴ አንድ ቀን «ምን ተማርክ?» ብላኝ አታውቅም። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ትተኛለች። ተረቱ ከኛ ጋር ያድራል። ስለዚህ በሪሞቱ ጉዳይ ከመምህርቷ ጋር ነኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለሰባት ዓመት ልጅ የምትሰጠው መልስ ስድስት ቀን ሙሉ የጠፋህ ስለ አንበሳ ነው? አይመስለኝም። ማነው የበደለህ? በኛ በወሎ አበጋር የሚባል ነገር አለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ቁጭ ብሎ የሚያስታርቅበት። ለካርቱን አያስፈልግም። ለሌላ ነገር ከሆነ ግን ሽማግሌ አለህ።

የሁለት ሴቶች እናት (ኮምቦልቻ)

እኛ ቤት ጴንጤ ነን። እኔ በሪሞቱ አልስማማም፤ አቆማለሁ፣ ወደፊትም አቆማለሁ። የማልወደውን ነገር ዝም ብዬ እንዲያልፍ አላደርግም። ልጆቼ ለምደውታል፤ እንዲያውም ሽንት ቤት የሚሄዱት ያኔ ነው።

በ2013 የወጣውን «ፍሮዝን» ግን ቤቴ አላስገባም ብዬ ነበር። ልጅቱ በእጇ በረዶ ታወጣለች፤ ድግምት ነው አልኩ። የጎረቤት ቤት ሄደው አይተውት መጡ። ተናድጄ ምን እንዳዩ ልመርምር ብዬ ቁጭ አልኩ። ታናሽየዋ ልቧ በበረዶ ተመትቶ ልትሞት ነው። የሚያድናት እውነተኛ ፍቅር ነው ተብሏል። ሁሉም የወንድ መሳም ይጠብቃል። እሷ ግን መዳኛዋን ትታ እህቷ ላይ የተመዘዘው ሰይፍ ፊት ትቆማለች። ዮሐንስ 15፥13 ነው፤ «ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም»። ድግምቱን አሁንም አልወደውም። እዚያ ጋ ግን ሪሞቱን ረሳሁት።

ቡና ደርሷል (ደሴ)

እኔ ሙስሊም ነኝ። ጥያቄው ለክርስቲያን ቤተሰብ መሆኑን አይቻለሁ። ግን ወሎ ውስጥ የጎረቤት ልጅ የማይገባበት ሳሎን የት አለና ነው?

ጎረቤቴ አንድ ቀን የሙሴን ታሪክ፣ «ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጅፕት»ን ልትከፍት ስትል የኔዎቹም እዚያ ነበሩ። እኛ ዘንድ ነቢያትን በምስል ማሳየት አይሆንም። እንዴት ብዬ ልንገራት ብዬ ስጨነቅ እሷ ቀድማ «እታለም፣ ይሄ ለናንተ የሚሆን አይመስለኝም፤ ሌላ ልክፈት?» አለችኝ። አይ ይዩ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ቡና ላፍላ አልኳት።

ካለቀ በኋላ ልጇ ግቢ ወጥቶ ለልጄ ይተርክለታል። ሕፃኑ በወንዝ ተጣለ፣ የፈርዖን ሚስት አነሳችው ይላል። እናቱ ከቤት ሆና «ሚስቱ ሳትሆን ልጁ ናት!» ብላ ጮኸች። መጽሐፍ ቅዱሷን አመጣች፤ ዘፀአት 2፣ እውነትም የፈርዖን ልጅ ናት። የኔ ልጅ ደግሞ «ኧረ ሚስቱ ናት! አሲያ! መድረሳ ተምረነዋል» አለ። እሱም ልክ ነው፤ ቁርኣን ውስጥ የፈርዖን ሚስት ናት። ፊልሙን ያላየው ልጄ ከፊልሙ ጋር ገጠመ፣ ያየው ልጅ ከመጽሐፉ ጋር ተጣላ። እኛ እናቶቹ በሳቅ ሞትን። በረካውን እስክንጠጣ ያወራነው ይሄንኑ ነው። ልጁ «ፊልሙ ለምን ቀየረው?» ብሎ እናቱን ሲወጥራት ከርሟል፤ ያንን ለሷ ትቼላታለሁ።

አብሽር ወንድሜ። ልጅህ ጥሩ ልብ አላት።

ዲሽ ሠሪው (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ግን ያዙኝ።

ጥቅምት 2014 መጨረሻ ላይ በጦርነቱ ከደሴ ወጣን። ታኅሣሥ ስንመለስ ሱቄ ባዶ ነበር። ሪሲቨሩም፣ ገመዱም፣ መሰላሉም የለም። ማን ምን እንደወሰደ አላውቅም፤ የዚያን ጊዜ ነገር ድብልቅልቅ ነው። ስንቱ ሕይወቱን ያጣበት ጊዜ ነውና ስለ ዕቃ ማውራትም ያሳፍረኝ ነበር። ተውኩት።

አምና ትንሿን ይዤ አንድ ሰፈር ሳልፍ የማውቀው የሙያ ባልደረባዬ ግድግዳ ይበሳል። ድሪሉ የኔ ነው። እጀታው ተሰንጥቆብኝ በሰማያዊ ናስትሮ ሦስት ዙር ጠምጥሜዋለሁ፤ ጫፉን ልጄ ናት በጥርሷ የቆረጠችልኝ። አየችው። «አባዬ፣ ያንተ ድሪል!» ብላ ጮኸች። ሰውየው ዞር አለ። እኔ እጇን ይዤ ፈጠን ብዬ አለፍኩ። ገዝቶት ይሁን ወስዶት አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ እድር ላይ አንድ ድንኳን ሥር እንቀመጣለን፤ ሰላምታ የለም። ቤት ስሙ ሲነሳ ፊቴ እንደሚጠቁር ልጆቼ ያውቃሉ።

ትናንት መምህርቷ እንዳለችው ምስር እየለቀምን የዮሴፍን ታሪክ ነገርኳቸው። ጽዋውን፣ ስልቻውን፣ የይሁዳን ነገር። ከዚያ ለትንሿ «ስካር ከልቡ ይቅርታ ቢጠይቅ ሲምባ ይቅር ይለው ነበር፤ ዙፋኑን ግን አይሰጠውም» አልኳት። አሰበችበት። አንድ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

«ድሪሉስ?» አለችኝ።

ትልቁ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ምስሩን አየሁ። ባለቤቴ ከጓዳ «መልስላት እንጂ!» አለች። «ገና ሰውየውን አልጠየቅኩትም» አልኳት፤ እውነቱም እሱ ነው። «ታዲያ መቼ ነው የምትጠይቀው?» ፍልሰታ ሳይፈታ አልኳት። ለምን ቀን እንደቆረጥኩ እንጃ። አሁን በጣቷ እየቆጠረች ነው፤ ዛሬ ጠዋት «አራት ቀረ» ብላ ቀሰቀሰችኝ።

ጋሼ፣ ሽማግሌ የሚያስፈልግ ከሆነ እጽፍልዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ራሴ ሄጄ ድሪሉን ከየት እንዳመጣው በደህና አፍ ልጠይቀው።

ክፍል ሁለትን አስጭኛለሁ። ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም።